ሠንጠረዥ ስድስት፣ መስመር አሥራ ሰባት

ጥቅምት 3 ቀን 1976 ዓ.ም. (ኦክቶበር 14, 1983)፤ ዓርብ፤ አሌክሳንድሪያ (ዋሽንግተን አጠገብ)

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ። ምክንያቱን በቅደም ተከተል አሰፍራለሁ፤ በቅደም ተከተል ካልጻፍሁት ራሴን የማታልል ይመስለኛል።

ባለፈው ሰኔ መሥሪያ ቤታችን ከሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮ ወደ አሪዞና ላከኝ። ሥራዬ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ በሆነው በናቫሆ ሕዝብ ምድር ላይ በሚገኝ አንድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ዙሪያ ያለውን ዕፅዋት መመዝገብ ነበር። ማዕድኑ ሊሰፋ ይፈልጋል፤ ለመስፋት የአካባቢ ጥናት ያስፈልገዋል፤ ጥናቱን የምናዘጋጀው እኛ ነን፤ የቀጠረን ደግሞ ማዕድኑ ራሱ ነው። ሃያ ሁለት ቀን ቆየሁ። የመስክ ማስታወሻዬን እንደ ልማዴ በአማርኛ ጻፍሁ፤ ሥራ ሳበቃ ደግሞ ቁጥር ቁጥሩን በእንግሊዝኛ ወደ ቅጽ ገለበጥሁ።

ዛሬ የታተመውን ረቂቅ ሳገላብጥ ሠንጠረዥ ስድስት፣ መስመር አሥራ ሰባት ላይ ይህን አነበብሁ፦ «ምንጭ ቁጥር 4፤ ደረቅ፤ በዙሪያው ያለው ዕፅዋት የሞተ፤ ኦክቶበር 10, 1975»።

በፈረንጆች 1975 አሪዞና አልነበርሁም፤ አሜሪካንም ከካርታ በቀር አላየሁም። ቅጹ ላይ 10/10/75 ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ዐሥረኛው ወር ሰኔ፣ ዐሥር ቀን፣ 1975 በእኛ አቆጣጠር፤ ማለትም ያለፈው ጁን 17። ደክሞኝ ነበር፤ ቀኑን ሳልመልስ ከማስታወሻዬ እንዳለ ገለበጥሁት። ሠንጠረዡ ከቀድሞ ጥናቶች የተወሰዱ የሰባዎቹ ዓመታት መስመሮችም ስላሉበት ማንንም አላስደነቀም።

ስህተቱ አንድ መስመር ነው። ነገር ግን ማዕድኑ ከመሬት በታች ያለውን ውሃ መሳብ የጀመረው በፈረንጆች 1978 ነው። ምንጩ በ1975 ደርቆ ከነበረ፣ ያደረቀው ማዕድኑ አይደለም ማለት ነው።

ሰኞ ለአለቃዬ ለሚስተር ዋልተር እነግረዋለሁ። የአካባቢው ቤተሰቦች ማስፋፊያውን ተቃውመዋል፤ ጉዳዩ የሚሰማው በጃንዋሪ ነው፤ ለማረም በቂ ጊዜ አለ።


ጥቅምት 6 (ኦክቶበር 17)፤ ሰኞ፤ ባቡር ውስጥ

አልነገርሁትም። ጠዋት ስብሰባ። ከሰዓት በኋላ በሩ ክፍት፤ እሱ ስልክ ላይ። የሰማሁትን ቃል በቃል፦ «ሠላሳ ገጽ ክርክር ምን ያደርግልናል? ምንጩ ከእኛ በፊት ደርቋል። በራሳችን ሠንጠረዥ ላይ አለ፤ መስመር አሥራ ሰባት።» ሳቀ። ሲያየኝ የስልኩን እጀታ በእጁ ሸፈነ። «ደብዳቤሽን አልረሳሁም፣ ስሂን» አለኝ። ለኢሚግሬሽን የሚጻፈውን የመጨረሻውን የሥራ ማረጋገጫ ማለቱ ነው። ያለ እርሱ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻችን ይወድቃል።

አመሰገንሁት። ወጣሁ።

ባቡሩ የሚያበቃበት ናሽናል ኤርፖርት ጣቢያ ደረስሁ። የአሌክሳንድሪያ አውቶቡስ ቆሟል።


ጥቅምት 12 (ኦክቶበር 23)፤ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ዋቅጅራ በታክሲያቸው ወደ ቤት አደረሱን። ከኋላ እኔ፣ ባለቤቴ በፈቃዱና ልጃችን ኢትዮጵያ፤ ከፊት የመዘምራኑ ፅጌ። ጋሽ ዋቅጅራ የጉባኤያችን ሽማግሌ ናቸው፤ በአገር ቤት ሃያ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተዋል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልሁ። «መዝገብ ውስጥ ስህተት ቢገባ፣ ማንም ሳይጠይቀው ማረም የጸሐፊው ግዴታ ነው?»

«ስህተቱ የማን ነው?»

«የራሱ የጸሐፊው።»

«እኔ በሃያ ዓመት ተሳስቶ የታሰረ ጸሐፊ አላየሁም። ስህተቱን አውቆ ዝም ያለ ግን አንድ አይቻለሁ።»

«እሱ ታሰረ?» አለች ፅጌ።

«ምን ይታሰራል! ተሾመ እንጂ። የእኔ አለቃ ሆነ!»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። በራችን ላይ ስንወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጠሩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ያ ጸሐፊ እንቅልፍ ይወስደዋል?»

«ደህና ነው መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«ይሁን» ብለው ሄዱ።

ጥያቄውን መጠየቅ አልነበረብኝም። በፈቃዱ ደረጃውን ቀድሞኝ ወጣ።


ጥቅምት 20 (ኦክቶበር 31)፤ ሰኞ

የማፍርበት ቀን ስለሆነ አሳጥሬ እጽፋለሁ።

ዶሪስ በቢሮአችን አሥራ አንድ ዓመት የሠራች የታይፕ ጸሐፊ ናት። ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሜ «መስመር አሥራ ሰባት ላይ የታይፕ ስህተት ሳይኖር አይቀርም» አልኋት። በዚህ መንገድ ቢታረም ይቀላል ብዬ ነበር።

መነጽሯን አወለቀች። መሳቢያዋን ስባ አንድ አቃፊ አወጣች። «ይኸው የእጅ ጽሑፍሽ። አሥር፣ አሥር፣ ሰባ አምስት። እኔ ያልተጻፈ አልጽፍም። ይኸው ደግሞ በኦገስት አንብበሽ የፈረምሽበት የእርማት ቅጂ። ስሂን፣ እወድሻለሁ፤ ግን እኔ ላይ እንዳትጥይው።»

«አልጥልም» አልሁ።

«ውሰጂው። ፎቶ ኮፒው እኔ ጋ አለ። ሁልጊዜም አለ።»

የእርማት ቅጂውን ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁ። አልገለጥሁትም፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ነበር።

ዛሬ የፈረንጅ ልጆች ሰው ለማስፈራራት የሚለባብሱበት ምሽት ነው፤ ቤት ስገባ ኢትዬ ከጎረቤት የተዋሰችውን የጠንቋይ ባርኔጣ አድርጋ ከበር ጀርባ ዘላ ወጣች። አባቷ ከወጥ ቤት «ጋሽ ዋቅጅራ ጆሮ እንዳይደርስ!» እያለ ይስቃል።

«ማሚ፣ ዩ ሉክ ስኬርድ!»

«አልፈራሁም» አልኋት።

«ዩ ዱ!»


ኅዳር 2 (ኖቬምበር 12)፤ ቅዳሜ

በፈቃዱ ሥራ ነው፤ በአንድ ሆቴል የእንግዶችን መኪና ያቆማል። ኢትዬ ቤተ መጻሕፍት ሄዳለች። የመስክ ማስታወሻውን ከመደርደሪያው አውርጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁት።

ከምንጩ አጠገብ የሚኖሩት ናቫሆዋ ወይዘሮ ቤሲ ከሰባ ዓመት በላይ ይሆናቸዋል። እንግሊዝኛ አይናገሩም፤ የልጅ ልጃቸው ሎሬይን ታስተረጉምላቸዋለች። በመጀመሪያው ቀን ከማዕድኑ መኪና ስወርድ ስላዩኝ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በጎቻቸውን ይዘው ሄዱ። በማግስቱ መኪናውን ሩቅ አቁሜ በእግሬ ሄድሁ። ከበራቸው ራቅ ብዬ ቆሜ እስኪጠሩኝ ጠበቅሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ የአሮጊት ደጅ ላይ እንዲህ ይቆማል። ሎሬይን በኋላ «አያቴ፣ ሰው እንዴት እንደሚቆም ታውቃለች ብላለች» አለችኝ።

«ከየት ናት?» ብለው ጠየቁ።

«ከአፍሪካ» አለች ሎሬይን።

«በዚያም ከሰል አለ?»

እንደማላውቅ ነገርኋቸው።

«እንግዲያው ቢኖር ለማንም እንዳትናገር» ብለው ሳቁ።

ሦስት ቀን አብረን ዞርን። አንድ ቀን ከአሸዋው ውስጥ ወፍራም ሥር ቆፍረው አወጡ። ቅጠሉ ለዚያ አገር በጋ ረግፏል፤ ባለ ክንፉን ዘርና የሥሩን ቢጫ ሥጋ ሳይ ሳላስበው «መቅመቆ!» ብዬ ጮኽሁ። ያው ራሱ አይደለም፤ የቅርብ ዘመዱ ነው። የእኛ ሰዎች ቅቤ ሲያነጥሩ ይጨምሩታል፤ እሳቸው ሱፍ ያቀልሙበታል። ቅርጫት የሚሰፉበትን ቁጥቋጦ፣ ለሻይ የሚያፈሉትን ቀጭን አበባ፣ ለታመመ በግ የሚሰጡትን ቅጠል አሳዩኝ። አንዳንዱን ደግሞ ጣታቸውን ብቻ ቀስረው አለፉ። ስለ እሱ አትጠይቂ ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ፤ አልጠየቅሁም፤ አልጻፍሁም።

ባልተቆፈረው መሬት ላይ አርባ ሦስት ዓይነት ዕፅዋት ቆጠርሁ። ማዕድኑ ከሰሉን አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ መልሶ ባለበሰው መሬት ላይ ዘጠኝ። ከዘጠኙ ስድስቱ ከእስያ የመጡ የሣር ዘሮች ናቸው። ሪፖርታችን «የአረንጓዴ ሽፋኑ መጠን ተመጣጣኝ ነው» ይላል። ሐሰት አይደለም፤ መጠኑ ተመጣጣኝ ነው። ወይዘሮ ቤሲን በጎቻቸው ያንን ሣር ይበሉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ይበሉታል» አሉ። «ሥጋቸው ግን የማላውቀው ሰው በግ ሆነ።»

በመጨረሻ ወደ ምንጩ ወሰዱኝ። የጻፍሁት ይህ ነው፦

«10/10/75። ምንጭ 4። ደረቅ። አኻያዎቹ ሞተዋል፤ ቅርፊታቸው ገና አልተላጠም፤ ከሞቱ ከሁለት ዓመት አይበልጥም። ወ/ሮ ቤሲ እንዳሉት ውሃው የቆመው ካች አምና ነው። ከዚህ ምንጭ የሚጠጡ አሥራ አንድ ቤተሰቦች አሁን ውሃ በበርሜል ከሠላሳ ማይል ያመጣሉ።»

ከነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ወደ ቅጹ የተገለበጡት «ደረቅ»፣ «የሞተ» እና ቀኑ ብቻ ናቸው። ቅጹ ለሌላው ቦታ የለውም። ማዕድኑ እንዲሰፋ ከተፈቀደለት ቀጣዩ ጉድጓድ የሚቆፈረው እዚያው ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ምንጩ ከማዕድኑ በፊት ደርቆ ነበር ከተባለ ደግሞ ለአሥራ አንዱ ቤተሰቦች ውሃ የማቅረብ ግዴታ በማንም ላይ አይወድቅም።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው የመስክ ማስታወሻው ነው፤ በቢሮአችን ደግሞ እሱን ማንበብ የሚችል ከእኔ በቀር የለም።


ኅዳር 6 (ኖቬምበር 16)፤ ረቡዕ፤ ምሳ ሰዓት

የቤተሰቦቹ ጠበቆች ጻፉ። የዕፅዋቱን ጥናት የመጀመሪያ የመስክ ማስታወሻ እናያለን ብለዋል።

ሚስተር ዋልተር ጠራኝ። «በአማርኛ ነው የጻፍሽው አይደል?»

«አዎን።»

«እንግዲህ ለእነሱ ምን ይጠቅማቸዋል? የሥራ ረቂቅ ነው። ሰው ደግሞ ረቂቁን ሁሉ አያስቀምጥም። ቤት ሲለወጥ ይጠፋል።»

«ቤት አልለወጥሁም» አልሁ።

ፈገግ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ኢትዬ ስትታመም ሁለት ሳምንት ፈቃድ የሰጠኝ እሱ ነው። «አስቢበት» አለኝ። «ደብዳቤሽን በጃንዋሪ መጀመሪያ እፈርማለሁ።»

ሁለቱን ነገሮች በአንድ እስትንፋስ ተናገራቸው። ምናልባት ግንኙነት የላቸውም።


ኅዳር 14 (ኖቬምበር 24)፤ ሐሙስ፤ የምስጋና ቀን

ለበፈቃዱ ሁሉንም ነገርሁት። ሁሉንም ማለት፣ እስከማውቀው ድረስ። በአገር ቤት ጂኦግራፊ ያስተምር ስለነበር ሸለቆውን ስስልለት ወዲያው ገባው፤ ወረቀቱን አዙሮ የውሃውን አወራረድ በቀስት አሳየኝ።

«ስለዚህ ጉድጓዱ ከዚህ ይስባል፣ ምንጩ እዚህ ይቆማል» አለ። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠ። «ስሂን፣ ማስታወሻውን ስጪ አልልሽም። አትስጪም አልልሽም።»

«ታዲያ ምን ትለኛለህ?»

«እራት እንብላ እላለሁ።»

«በፈቃዱ!»

«ምን ልበል? ማመልከቻው ላይ ሦስት ስም ነው ያለው። ስጪ ብዬሽ ብንባረር፣ የተናገርሁት እኔ ነኝ። አትስጪ ብዬሽ ያቺ አሮጊት ውሃ ብታጣ፣ እሱም እኔ ነኝ። እኔ መኪና አቁሜ ቁልፍ መመለስ ነው የምችለው።»

ኢትዬ ከክፍሏ «አር ዊ ሙቪንግ?» ብላ ጮኸች፤ ቤት ልንለቅ ነው ወይ ማለቷ ነው።

ሁለታችንም አንድ ላይ «አይደለም» አልን።


ኅዳር 25 (ዲሴምበር 5)፤ ሰኞ

ዶሪስ የሰጠችኝን የእርማት ቅጂ ዛሬ ከቦርሳዬ አወጣሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ ከምሳ ዕቃዬ ሥር ነበር።

ቅጂ ሳነብ ልማድ አለኝ። መጣራት ያለበት ነገር ሳይ በሕዳጉ ላይ በእርሳስ አንድ ትንሽ ነጥብ አደርጋለሁ፤ ሲጣራ ነጥቡን አጠፋለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የያዝሁት ሥርዓት ነው።

በሠንጠረዥ ስድስት ሕዳግ ላይ አንድ ነጥብ አለ። ከመስመር አሥራ ሰባት ትይዩ። አልጠፋም።

በገጹ ግርጌ የእኔ ፊርማ፤ ኦገስት 18።

ነጥቡ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ዶሪስም እርሳስ ትይዛለች።


ታኅሣሥ 3 (ዲሴምበር 13)፤ ማክሰኞ

ፈቃድ ጠይቄ ወደ ዋሽንግተን ሄድሁ። ጉዳዩን በሚሰማው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል የመስክ ማስታወሻዬን ከነትርጉሙ አስገባሁ። ትርጉሙን ጋሽ ዋቅጅራ ከእኔ ጋር ቃል በቃል አመሳክረው ትክክል መሆኑን በፊርማቸው አረጋግጠዋል። «ካች አምና» ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ «ጸሐፊው እንቅልፍ አጥቷል ብዬ ነበር» አሉ።

አብሮ የገባው የእርማት ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፉን፣ ትክክለኛው ጁን 17, 1983 መሆኑን ይገልጻል። ስህተቱን ያገኘሁት ኦክቶበር 14 ቀን መሆኑንም ይገልጻል።

በመስኮቱ ያለው ሰውዬ ቅጽ አቀረበልኝ። «እዚህ ጋ የዛሬውን ቀን ይጻፉ፣ ማዳም።» ብዕሩን ይዤ ቆምሁ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዲሴምበር አሥራ ሦስት ነው» አለኝ ሰውዬው በትሕትና።

«አውቃለሁ» አልሁ።


ታኅሣሥ 7 (ዲሴምበር 17)፤ ቅዳሜ

ዛሬ በሰፈራችን የኪንግ ስትሪት ባቡር ጣቢያ ተከፈተ። ኢትዬ ካልሄድን ብላ አስቸገረችን፤ ሦስታችንም በመጀመሪያው ቀን ተሳፈርን። ከእንግዲህ አውቶቡስ ሳልጠብቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ በባቡር ብቻ እደርሳለሁ። ይህ ቀድሞ ቢሆን ትልቅ ደስታ ነበር።

በቢሮ አላባረሩኝም። ጠረጴዛዬን ወደ ማከማቻ ክፍሉ አጠገብ አዛወሩት። ሥራ አይሰጡኝም። ሰዎች ኮሪደር ላይ ሲያዩኝ ስለ አየሩ ይናገራሉ። ደብዳቤው አልተፈረመም፤ አልተከለከለምም። ሚስተር ዋልተርን ሲጠይቁት «በሂደት ላይ ነው» ይላል።

ጃንዋሪ 12 ቀን ቀርቤ በመሐላ እንድመሰክር መጥሪያ ደርሶኛል።


ታኅሣሥ 19 (ዲሴምበር 29)፤ ሐሙስ

ዛሬ ሦስት ነገሮች ሆኑ።

የቤተሰቦቹ ጠበቃ ደወለችልኝ። ድምፅዋ የወጣት ነው። «የማዕድኑ ጠበቆች የሚጠይቁዎት አንድ ጥያቄ ነው» አለች። «ስህተቱን መጀመሪያ መቼ አዩት? በኦክቶበር አይቼ በዲሴምበር አረምሁ ካሉ፣ ጥንቁቅ ባለሙያ ናቸው ይባላል፤ ያበቃል። አይጨነቁ።»

ከሰዓት በኋላ ሚስተር ዋልተር ወደ አዲሱ ጠረጴዛዬ መጣ። ወንበር ስለሌለ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። የኦገስቱን ፎቶ ኮፒ ከዶሪስ መሳቢያ ወስዶታል። «ነጥብ አለበት» አለ በለሆሳስ። «ነጥብሽን አውቀዋለሁ፣ ስሂን። አምስት ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ ይህን ወረቀት ለማንም ማሳየት አልፈልግም። ካቀረብሁት አውቀሽ እንደፈረምሽ ይታያል፤ ማስታወሻሽንም ማንም አያምነውም። ስለ ቀኑ እርግጠኛ አይደለሁም በይ። ይኸው ነው። በማግስቱ ደብዳቤው ተፈርሞ ጠረጴዛሽ ላይ ይሆናል።»

«ጠረጴዛው ይመለሳል?» አልሁ። ለምን ይህን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

«ይመለሳል» አለ። የእውነት ያዘነልኝ ይመስል ነበር።

ሦስተኛው፦ ቤት ስገባ ከአሪዞና የመጣ ጥቅል ጠበቀኝ። ውስጡ በክር የታሰረ የሻይ ሣርና ትንሽ የሱፍ ድውር፤ በዚያ ሥር የተቀለመ፣ ወርቅማ ቢጫ። ሎሬይን ጽፋለች፦ «አያቴ ያለፈው ዓመት ሥር ነው፣ አዲስ ለመቆፈር ቦታው ታጥሯል ትላለች። በር ላይ መቆም የምታውቀው ሴት እንደጻፈችልን ሰምታለች። አልገረማትም።»

ኢትዬ ድውሩን አሽትታ «እንደ ቅቤ ይሸታል» አለች። አይሸትም። ስለ መቅመቆ የነገርኋትን አስታውሳ ነው። በአማርኛ ነበር የተናገረችው።

ሻዩን አላፈላሁትም።


ጥር 2 ቀን 1976 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 11, 1984)፤ ረቡዕ

ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ በእነሱ አሥር ሰዓት፣ እምላለሁ።

ያሉኝን ምርጫዎች በዝርዝር ልጽፍ ተቀምጬ ሦስት ገጽ ቀደድሁ። ኦክቶበር ብዬ ብምል ፎቶ ኮፒው ይወጣል፤ በአንድ ቃል የዋሸች ሴት ማስታወሻ በሌላው አይታመንም፤ ምንጩ በ1975 እንደ ደረቀ ይቀራል። እርግጠኛ አይደለሁም ብል ደብዳቤው ይፈረማል፤ ምንጩ አሁንም በ1975 እንደ ደረቀ ይቀራል። ሦስተኛውን መልስ ብሰጥ ሚስተር ዋልተር የሚያስፈራራኝ ወረቀት ምንም አይኖረውም፤ እኛም ደብዳቤ አይኖረንም። በፈቃዱ ሦስቱንም አነበበ። ሁለቱን የጉዞ ሻንጣዎች ከአልጋው ሥር አውጥቶ አቧራቸውን ጠረገና መልሶ አስገባቸው። «ማየት ፈልጌ ነው» አለ።

በዚህ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስህተቱን ያየሁት ኦክቶበር 14 እንደሆነ ጽፌአለሁ። ማንም በማያነበው ደብተር ላይ፣ ለራሴ፣ በሁለት አቆጣጠር። ገጹን አልቀድደውም። ከመስመሩ ትይዩ በሕዳጉ ላይ አሁን ነጥብ አድርጌበታለሁ።

የኦገስቱ ቀን እንዲህ ነበር። ሚስተር ዋልተር ሁለት ወረቀት አንድ ላይ አስቀመጠልኝ፤ አንዱ ለኢሚግሬሽን የጻፈልኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ ረቂቅ፣ ሌላው ሠንጠረዥ ስድስት። «ይህን ጨርሺልኝና ያንን ልፈርም» አለ። ከአራት ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ በእጄ ነበሩ። ቀኑን ለማስተካከል ግማሽ ደቂቃ ይበቃ ነበር። ግን አንድ ቀን ከተሳሳተ ሌላውም ሊሳሳት ይችላል ይባላል፤ ሠንጠረዡ እንደገና ይጣራል፤ ደብዳቤው ወደ ሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል። በኋላ አርመዋለሁ አልሁ። በእውነት እንደዚያ ያሰብሁ ይመስለኛል።

ነገ በቃሌ የምለውን ዛሬ በጽሑፍ አሰፍራለሁ፤ እጄ ከጻፈው አፌ እንዳይሸሽ።

ጥያቄ፦ ስህተቱን መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው?

መልስ፦ ነሐሴ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.፤ በእናንተ አቆጣጠር ኦገስት 18, 1983፤ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ። አየሁት። ነጥብ አደረግሁበት። ፈረምሁ።

ስሌቱን ሁለት ጊዜ ሠራሁት። ትክክል ነው።